ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይሸነፍም

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ከወዳጃችሁ ጋር ተቀምጣችሁ የጦርነት ጨዋታ ትጫወታላችሁ። ሠራዊቱን አንድ በአንድ በላችሁት። ፈረሱ አለቀ፣ ዝሆኑ አለቀ፣ እግረኛውም አለቀ። በመጨረሻ ንጉሡ ሜዳው ላይ ብቻውን ቀረ። በእናንተ በኩል ግን ገና ግማሹ ሠራዊት ቆሟል። ማን አሸነፈ?

ማንም አላሸነፈም። ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይያዝም። ጨዋታው ያለ አሸናፊ ይበተናል፤ ያን ሁሉ የበላችሁት በከንቱ ነው።

ይህ የሰንጠረዥ ሕግ ነው፤ አባቶቻችን በዚሁ በእኛ አገር ለዘመናት የተጫወቱት የኢትዮጵያ ቼዝ። ሕጉን ያወቅሁ ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንዲት ሕግ የጨዋታውን ብልሃት በሙሉ ገልብጣ ልታስቀምጠው እንደምትችል ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ዛሬ እሷን እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ።

የወረታ ከተማን ክረምት የሚያውቅ ሰው ስለ ጨዋታ ፍቅር የምለውን ይረዳል። የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የፎገራ ሜዳ ውሃ ሲለብስ፣ ሩዙ ከውሃው መሐል አረንጓዴ ራሱን ሲያወጣ፣ ሰው ከዝናቡ በረንዳ ሥር ይጠጋና ዳማ ይዘረጋል። ሰሌዳው ካርቶን ነው፤ ጠጠሩ ቆርኪ ነው። አንደኛው ቆርኪውን ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ያሰልፋል፤ ሌላኛው ገልብጦ። ሁለት ሰው ይጫወታል፣ ስድስት ሰው ይመክራል። «እሱን አትንካ!» «በዚያ ግባ!» የሚለው ጩኸት ከዝናቡ በላይ ይሰማል።

እንግዲህ ከዚያው በረንዳ ሆናችሁ መንገዱን ተመልከቱ። ወረታ መገንጠያ ናት። አንዱ መንገድ በአዲስ ዘመን አድርጎ ወደ ጎንደር ይሄዳል፤ ሌላው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ዳገቱን ይይዝና ደብረ ታቦር ያደርሳል። ደብረ ታቦር በ19ኛው መቶ ዓመት የራስ ጉግሣና የልጅ ልጃቸው የራስ ዓሊ መቀመጫ ነበረች። በዚያ ዘመን ሰንጠረዥ የመኳንንት ጨዋታ ነበር። ስለ አጨዋወቱ ብዙ ከነገሩን ሰዎች አንዱ የራስ ዓሊን አገር አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው ነው። ዋልተር ፕላውደን ይባላል፤ እንግሊዛዊ ቆንስል ነው። በ1849 እ.ኤ.አ. ከራስ ዓሊ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራርሟል። በ1860 ጎንደር አጠገብ ቆስሎ ሞተ፤ ማስታወሻው በ1868 በመጽሐፍ ታተመ። ስለ ሰንጠረዥ የጻፈውንም መሪ የሚባለው ታላቁ የቼዝ ታሪክ ጸሐፊ በ1913 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አስገብቶታል።

ጨዋታው ግን ከራስ ዓሊ ዘመን እጅግ ይቀድማል። ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ አገር አልፎ ነው እኛ ዘንድ የደረሰው፤ «ሰንጠረዥ» የሚለው ስሙ ራሱ «ሻጥራንጅ» ከሚለው የመጣ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱት እንደነበር ተጽፏል። የትግራዩን ራስ ወልደ ሥላሴን ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ያየው እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት ነው። እቴጌ ጣይቱም ይጫወቱት ነበር። አውሮፓ በ15ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ የጨዋታውን ሕግ ለውጣ ዛሬ የምናውቀውን ፈጣን ቼዝ ስትይዝ፣ እኛ የጥንቱን ይዘን ቆየን።

አሁን ጨርቁን እንዘርጋ። ጨርቁን ያልኩት በምክንያት ነው። የሰንጠረዥ ሰሌዳ ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሲሆን በጥቁር ወይም በሰማያዊ መስመር ተከፋፍሎ 64 ቤት ይወጣዋል። እንደ ዛሬው ቼዝ ነጭና ጥቁር ቀለም አይፈራረቅበትም። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

በሁለቱ ጠርዝ ደሮች ይቆማሉ፤ እስከፈለጉት ድረስ በቀጥታ ይነዳሉ። ከእነሱ ቀጥሎ ፈረሶች፤ አረማመዳቸው የዛሬው የቼዝ ፈረስ ነው። ከፈረስ ቀጥሎ ፊል፣ ማለትም ዝሆን፤ አንዳንዶች ሳባ ይሉታል። በመሐል ንጉሡና አማካሪው ፈርዝ። ንጉሡ ከመሐል በስተቀኝ ስለሚቆም ፊት ለፊቱ የሚያገኘው የተጋጣሚውን ንጉሥ ሳይሆን ፈርዙን ነው። ከፊት ስምንት መደቆች ይሰለፋሉ፤ እግረኞች ናቸው፤ ወደፊት አንድ ቤት ብቻ ይራመዳሉ፣ በሰያፍ ይበላሉ።

መጀመሪያው ጉድ እዚህ ነው። በዛሬው ቼዝ አንዱ ይጫወታል፣ ሌላው ይጠብቃል። በሰንጠረዥ ግን መክፈቻው ተራ የለውም! ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ በየፈለጉት ፍጥነት፣ የየራሳቸውን ሠራዊት ያንቀሳቅሳሉ። ይህ ክፍል «ወረራ» ይባላል። አንደኛው የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ይቀጥላል፤ የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው ተራ የሚጀመረው። እስከዚያ ድረስ የተጋጣሚን አሰላለፍ እያዩ የራስን ማፍረስና እንደገና ማሰለፍ ይቻላል።

ይህ ለብልሃት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ወረራ የፍጥነት ውድድር ይመስላል፤ በእርግጥ ግን የትዕግሥት ፈተና ነው። መጀመሪያ የበላ ሰው የሚቀጥለውን እርምጃ ለተጋጣሚው ሰጠ ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ንክሻ መልሶ የማይነክስ መሆን አለበት።

ባለፈው ክረምት ከእህቴ ልጅ ጋር በቆርኪ ሞከርነው። በጨርቅ ፈንታ የማዳበሪያ ጆንያ ዘርግተን በከሰል አሰመርንበት፤ በየቆርኪው ላይም የጠጠሩን ስም ጻፍን። ልጁ ዳማ አዋቂ ነው፤ እጁ ፈጣን ነው። እኔ መደቆቼን አንዱ ሌላውን በሰያፍ እንዲጠብቅ እያያያዝኩ ሳለሁ፣ እሱ ፈረሱን ሦስት ጊዜ አስዘልሎ ገባና አንድ መደቄን ለቀም አደረገ። ደስታው ከፊቱ ሳይጠፋ ጎረቤቱ የነበረው መደቅ ፈረሱን በላው። ፈረስ በመደቅ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

ከዚያ ጨዋታ በኋላ ለወረራ ሦስት ነገር ያዝን። አንደኛ፣ ከመብላታችሁ በፊት ቁጠሩ፤ ያንን ቤት ስንት ጠጠሮቼ ያዩታል፣ ስንት የእሱ ጠጠሮች ይጠብቁታል? ሁለተኛ፣ ፈረሶቻችሁን ወደ መሐል አምጡ። መሐል የቆመ ፈረስ ስምንት ቤት ይመታል፤ ጥግ የቆመ ሁለት ብቻ። ሦስተኛ፣ ከራሳችሁ ይልቅ እሱን ተመልከቱ። ደሮቹን ወደ አንድ ወገን ከሰበሰበ በዚያ በኩል ያላችሁን አጠናክሩ፤ ገና ተራ አልተጀመረም፣ ለመጠገን ጊዜ አላችሁ።

ሁለተኛው ጉድ ፊል ነው። ፊል በሰያፍ ሁለተኛው ቤት ላይ ዘሎ ያርፋል፤ መሐል ላይ ያለውን፣ የማንም ይሁን የማን፣ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። አስፈሪ ይመስላል። ነገር ግን እርሳስ ይዛችሁ ከመነሻው ተነሥታችሁ የሚያርፍባቸውን ቤቶች ሁሉ ምልክት አድርጉ። ስምንት ብቻ ታገኛላችሁ! ከ64 ቤት ስምንት። ዕድሜውን ሙሉ ከእነዚያ አይወጣም። በሁለቱም ወገን ያሉትን አራቱን ፊሎች ብትደምሯቸው 32 ቤት ነው፤ አንዳቸውም ከሌላው ጋር ቤት አይጋሩም። ስለዚህ ፊል ፊልን መቼም ሊበላ አይችልም።

ይህን ያወቀ ሰው ግማሹን ጨዋታ አሸንፏል ብል አላጋነንኩም። የተጋጣሚያችሁ ሁለት ፊሎች የሚደርሱት 16 ቤት ብቻ ነው። የቀሩት 48ቱ ለንጉሣችሁ ከፊል የተጠበቁ መሸሸጊያዎች ናቸው። የትኞቹ እንደሆኑ ግን በአእምሮ መያዝ ይጠይቃል፤ ምክንያቱም ጨርቁ ላይ ቀለም የለም። ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነበር። አባቶቻችን ሰሌዳውን በልባቸው ቀለም ይቀቡት ነበር ማለት ነው።

ፈርዝም እንዲሁ ነው። በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ስለሚራመድ ሰሌዳው ነጭና ጥቁር ቢሆን ኖሮ ሁልጊዜ አንዱ ቀለም ላይ ይውል ነበር። ንጉሦቹ ፊት ለፊት ስለማይተያዩ ሁለቱ ፈርዞች የሚውሉት በአንድ ዓይነት ቀለም ላይ ነው፤ ሊገናኙና ሊበላሉ ይችላሉ። ከንጉሡ አጠገብ ያለው ፊልም የሚውለው በዚያው ቀለም ነው። ስለዚህ ፈርዛችሁና ያ ፊል እርስ በርስ ይጠባበቃሉ፤ ነገር ግን የተጋጣሚ ፈርዝም ያን ፊል ያገኘዋል። ከፈርዙ አጠገብ ያለውን ሌላውን ፊል ግን የትኛውም ፈርዝ አይነካውም፣ አይጠብቀውምም። እሱን የሚጠብቅ መደቅ ወይም ፈረስ ካላዘጋጃችሁለት ብቸኛ ነው።

አሁን ወደ ተነሣንበት ሕግ እንመለስ፤ የጨዋታው ነፍስ ያለው እዚያ ነው።

ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይያዝም ብለናል። ሌላም አለ። ተጋጣሚያችሁ ከንጉሡ ሌላ አንድ ጠጠር ብቻ ሲቀረው ቆጠራ ይጀመራል፤ ያ ጠጠር ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሱ በፊት ንጉሡን መፈናፈኛ ማሳጣት አለባችሁ። ካልቻላችሁ አላሸነፋችሁም። በዚያ ላይ ድል ሁሉ አንድ አይደለም። ንጉሥን በደር ወይም በፈረስ መያዝ እምብዛም አያስመሰግንም፤ ጉልበተኞች ናቸውና ማንም ያደርገዋል። በሁለት ፊል ወይም በመደቅ የያዘ ሰው ግን ይደነቃል። ትንሹ ትልቁን ሲጥል ማየት ነበር የተመልካቹ ደስታ።

እስቲ ይህን በቅርበት እንየው። ተጋጣሚያችሁ ንጉሡና አንድ ፈረስ ቀርቶታል። እናንተ ደር፣ ሁለት ፊልና ሦስት መደቅ አላችሁ። በዛሬው ቼዝ ቢሆን ፈረሱን በልታችሁ ቡናችሁን እየጠጣችሁ ትጨርሱታላችሁ። እዚህ ግን ፈረሱን ከበላችሁት ድላችሁን በላችሁት። ልትጠብቁት ይገባል! ተጋጣሚያችሁም ይህን ያውቃል። ስለዚህ ፈረሱን አያሸሽም፤ አምጥቶ አፋችሁ ውስጥ ይከተዋል። «ብላው እንጂ!» ይላችኋል። ንጉሣችሁን በፈረሱ ያስፈራራል፤ ፈረሱን ከመብላት በቀር መውጫ እንድታጡ ነው። ያ ፈረስ መዳኛው ነው፣ ያውም ሲሞት የሚያድን።

እንግዲህ ንጉሣችሁን አስቀድማችሁ ሰፋ ያለ ቦታ አኑሩት፤ ፈረሱ ሲያስፈራራው ሳይበላ የሚወጣበት ቤት ይኑረው። ከሁሉ የሚበልጠው ብልሃት ደግሞ ቆጠራውን ያለጊዜው አለማስጀመር ነው። ተጋጣሚያችሁ ሁለት ጠጠር ሳለው ሰባት የሚባል ገደብ የለም። ወጥመዱን ያን ጊዜ አጥምዱ። ደሩ አንዱን መስመር ይዝጋ፣ ፊሎቹ የሚያርፉባቸውን ቤቶች ይያዙ፣ መደቁ ለመጨረሻዋ እርምጃ ይቅረብ። ሁሉ ነገር ከተሰናዳ በኋላ ነው ከሁለቱ አንዱን የምትበሉት። የፎገራ ገበሬ ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል፤ ምርቱ የቱንም ያህል ቢያምር ለዘር የተቀመጠው ሩዝ አይነካም።

ሞባይላችሁ ላይ ፖከር የምታዩ ወዳጆቼ ይህ ነገር እንግዳ እንዳልሆነባችሁ እገምታለሁ። ፖከር ብዙ ዓይነት አለው። አንዱ ያላችሁን በሙሉ በአንድ ጊዜ ልትመድቡ የምትችሉበት ነው። ሌላው ገደብ ያለበት ነው፤ የአንድ ጊዜ መደብ መጠኑ የተወሰነ ነው። ብዙ ጊዜ ጨዋታው አራት ዙር አለው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች መደቡ አንድ ቢሆን በኋለኞቹ ሁለት ይሆናል። ብዙ ጊዜም በየዙሩ ከመነሻው መደብ በላይ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የሚጨመረው። ብትደምሩት አንድ ሰው በአንድ ዕደላ ቢበዛ የሚያወጣው 24 ትንንሽ መደብ ነው። በአንድ ጡጫ ማንንም መጣል አይቻልም።

ገደቡ ብልሃቱን ይለውጠዋል። ማስፈራራት ኃይሉ ይቀንሳል፤ መሐል ላይ አሥር መደብ ተከማችቶ ለማየት አንድ ብቻ የሚጠየቅ ሰው ከ11 ጊዜ አንዴ ቢያሸንፍ እንኳ ኪሳራ የለበትም፣ ስለዚህ አይሸሽም። በሽሚያ የማይገኘው በትንሽ ብልጫ፣ ደጋግሞ፣ ይጠራቀማል። ውድድር ሲሆን ደግሞ ግዴታ የሚወጣው መነሻ መደብ በየጊዜው ስለሚጨምር መጀመሪያ ላይ ወርቅ የነበረው ትዕግሥት ኋላ ላይ ዕዳ ይሆናል። ልክ እንደ ወረራና እንደ ሰባቱ ቆጠራ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ጊዜ ሞልቷል፣ ኋላ ላይ እያንዳንዷ እርምጃ ታስከፍላለች። በሁለቱም የሚያሸንፈው ገደቡን የሚረግም ሰው ሳይሆን በገደቡ ውስጥ የሚያስብ ሰው ነው። ሰንጠረዥ ግን ይህን ሁሉ የሚያስተምረው የማንንም ኪስ ሳይነካ በጆንያና በቆርኪ ነው፤ ለእኔ የሚበልጥብኝም ለዚህ ነው።

ደብረ ታቦር ራሷ ይህን ትምህርት በሰው ዕጣ አይታዋለች። የካቲት 1842 እ.ኤ.አ. የሰሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ከራስ ዓሊ ጋር እዚያው ደብረ ታቦር ላይ ተዋጉ። ውቤ አሸነፉ፤ ራስ ዓሊ ሸሹ። ነገሩ ያለቀ መሰለ፤ ደጃዝማች ውቤም ለድላቸው ግብር ተቀመጡ። ከሜዳው ላይ ግን አንድ ያልተቆጠረ ጠጠር ነበር፤ የራስ ዓሊ ወገን የሆኑት ብሩ አሊጋዝ። ድንገት ደርሰው ደጃዝማች ውቤን በደስታቸው መሐል ማረኳቸው። ሸሽተው የነበሩት ራስ ዓሊ ወደ መንበራቸው ተመለሱ። ሠራዊት ያሸነፈ ሰው ጨዋታውን አሸነፈ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚናገር የለም። ተጋጣሚያችሁ ምን እንደቀረው ሳታዩ ከሰሌዳው ዓይናችሁን አታንሡ።

ሰንጠረዥ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ከአደባባይ ጠፋ። ይጫወቱት የነበሩት የመኳንንት ቤቶች ሲፈርሱ አብሮ ፈረሰ። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ታሪኩንና ሕጉን አሰባስቦ በጽሑፍ ባያኖረው ኖሮ የምናውቀው ከዚህም ባነሰ ነበር። ገበጣ በእረኛ እጅ ተርፏል፤ ጉድጓድና ጠጠር የትም አይጠፋምና። ዳማ በቆርኪ ተርፏል። ሰንጠረዥ ግን ከዝሆን ጥርስና ከቀንድ ስለሚሠራ፣ ከትልቅ ሰው ቤት ስለማይወጣ፣ ከባለቤቶቹ ጋር ሄደ።

ለዚህ ነው ወደ በረንዳው መመለስ የምፈልገው። አንድ ጆንያ፣ አንድ ቁራሽ ከሰል፣ 32 ቆርኪ ይበቃል። ደር፣ ፈረስ፣ ፊል፣ ፈርዝ፣ ንጉሥ፣ መደቅ ብላችሁ ጻፉባቸውና በዚህ ክረምት ዳማውን ለአንድ ቀን አሳርፉት። በወረራው አትቸኩሉ። የፊልን ስምንት ቤቶች በጣታችሁ ቁጠሩ። ዙሪያውን የሚጮኹትንም ዝም በሉ አትበሏቸው፤ ሶልትና ፕላውደን የጻፉለት ዘመን ተመልካችም ዝም አይልም ነበር።

ደብረ ታቦር፣ ጎንደር፣ ጋይንት አያቶች ያሏችሁ ደግሞ አንድ ነገር አድርጉልኝ። አሮጌ ሣጥን ውስጥ ምንነቱ የማይታወቅ የተጠረበ ቀንድ ወይም በመስመር የተከፋፈለ ቀይ ጨርቅ ካለ አትጣሉት። ጠይቁ፣ ፎቶ አንሡ፣ የሚነግሯችሁን ጻፉት። ተጋጣሚያችሁ የመጨረሻ ፈረሱን አፋችሁ ውስጥ ሲከትና «ብላው እንጂ!» ሲላችሁ ደግሞ፣ አትብሉት።